ከእሱ ጋር የጠጣሁት ጽዋ

እናቴ ስትደውል የማኅበሩን ብርጭቆዎች እያጠብኩ ነበር። የሚካኤል ጽዋ እኔ ቤት ተጠጥቶ፣ ሰው በደህና ገብቶ በደህና ወጥቶ፣ በማግስቱ ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ሳፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። የጋምቤላ ሙቀት ገና ከጧቱ ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ውሃ መንካት ራሱ ደስ ይላል። ስልኩን በክርኔ ተጭኜ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት።

«ምነው ያንን ፎቶ ባልላክሽው!» አለች እናቴ፣ ደህና አደርሽም ሳትለኝ።

ፎቶውን የላክሁት ደስ ይበላት ብዬ ነው። ከጎጃም ወጥቼ እዚህ ቆላ በነርስነት ስሠራ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ እናቴ ግን ዛሬም ልጄ ያለ ዘመድ፣ ያለ ሃይማኖት ቀረች እያለች ትብሰለሰላለች። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጽዋው መሶቡ ላይ ተቀምጦ፣ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ቆመው የተነሣነውን በቴሌግራም ላክሁላት። የገባው በታናሽ እህቴ ስልክ ነው። የእሷ ስልክ ደግሞ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚውል ነው።

«ወንድምሽ አየው» አለች እናቴ። «ለበዓሉ ብለን ከጠበሉ አምጥተነው፣ ደህና ቁጭ ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። አየና በጣቱ ጠቁሞ፣ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ከግድግዳው ሥር ተንበረከከ። ማንም ሳይነካው! ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ፣ ሽንቱም አመለጠው። መንፈሱ ጽዋውን ሲያይ አልቻለም። ቅዱስ ነገር አይወድማ! አባትሽ ዛሬ ጧት ይዘውት ተመለሱ። አጥማቂውም አሁን ታወቀበት፣ ከእንግዲህ ሰንሰለቱ አይፈታም ብለዋል።»

እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ።

«እማዬ፣ በጣቱ ያሳየው ጽዋውን ነው ወይስ ሰው?»

«ምን ይለያል?»

«ይለያል። እህቴን ጠይቂልኝ፤ ወደ ምን ጠቆመ?»

ከኋላዋ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ከዚያ መለሰችልኝ። «ዳር ላይ የቆመውን ነው ትላለች፤ ዳቦ የያዘውን። ምስኪን የመሰለ ሰው። ምን አደረገው እሱ?»

ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ከፈትሁ። ዳር ላይ ያለው ሰው ዳቦውን የያዘው እኔ ራሴ «ያዝልኝ» ስላልኩት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። መምህር ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወሰዱት። ማን እንደወሰደው፣ በምን ሰበብ እንደወሰደው አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቃል። ሲመለስ ሸሚዙን ራሱ መልበስ አይችልም ነበር፤ ክንዶቹ ከትከሻው በላይ አይነሡም። ለእኔ በስልክ ቆራርጦ የነገረኝ አለ። እጁን ወደ ኋላ አስረው ከቧንቧ ላይ ሰቅለውታል። የሚያስረው ሰው አይጮህም፣ አይሳደብም። ገመዱን እያጠበቀ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ረጋ ብሎ፣ ሰው እህል እየለቀመ እንደሚያንጎራጉር። ሌላም ነገር አድርገውበታል። እሱን ወንድ ልጅ ለእህቱ አይነግርም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ መዝሙር ሲሰማ ይሮጣል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዘልሎ ወጣ፤ እርሻ ለእርሻ ሲሮጥ ሰው ሁሉ አየው። አገሬው ምን ይበል? ከመዝሙር የሚሸሸው ምን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። ያዘው አሉ። እህቴን ደግሞ ሽማግሌ ሊጠይቃት ነበር። «ተገርፎ፣ ተዋርዶ መጣ» ከሚባል «መንፈስ ነው» ቢባል ለሁሉም ቀለለ። መንፈስ ይወጣል፤ ውርደት ግን ከቤት ይቀራል።

ጠበል ወሰዱት። እዚያም እውነቱን ይጮሃል። «ሰቀሉኝ» ይላል። በመቁጠሪያ እየመቱ «ተናገር! የት ነው የያዝከው?» ይሉታል። «ከቧንቧው ላይ» ይላል። ይኸው፣ ሰይጣኑ ለፈለፈ ይባላል። አንድ ሰው የደረሰበትን በተናገረ ቁጥር ተናጋሪው እሱ ካልሆነ፣ ከዚህ የበለጠ እስር ምን አለ?

ጠበልን እየነቀፍሁ አይደለም። እኔ ራሴ እጠመቃለሁ፤ ለበሽተኞቼም መድኃኒቱንም ጠበሉንም ያዙ እያልሁ የምመክር ሰው ነኝ። የእኔ ጠብ ከሰንሰለቱ ጋር ነው። በገመድ የተሰቀለን ሰው እግር በብረት ሲያስሩት፣ የሚያስረው እጅ ደግም ይሁን ክፉ፣ ለታሳሪው ሰውነት ያው ነው። ወደ ሐኪም ቤት አምጡት፣ ካልሆነ እኔ ጋ ላኩት ብዬ አባቴን ስንት ጊዜ ለመንሁት። አባቴ ጨካኝ አይደለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እውነት ሰው አድርጎት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው እንኳ አየሁ ባለ ነበር። ያየ ሰው አምጪልኝና ዛሬውኑ እፈታዋለሁ።»

ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ወደዚህ ከተማ ተዛውሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ከገባ፣ ማኅበራችንንም ከተቀላቀለ ዓመት አልፎታል። ጸባየ ሸጋ ነው። ዕቃ ሲነሣ ቀድሞ የሚያነሣ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክል፣ ሁላችንንም ሴቶቹን «እህት ዓለም» የሚል። እኔ ቤት ዳቦውን የቆረሰው እሱ ነው። ሲቆርስም ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ ያምራል፤ «ድምፅህን ይባርከው» ብዬዋለሁ።

ያን ዕለት ብርጭቆዎቹን እንደተዘፈዘፉ ትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የሚካኤል ሥዕል አንድ እጁ ላይ ሚዛን፣ አንድ እጁ ላይ ሰይፍ አለው። ሌላ ጊዜ ስጸልይ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው። ያን ቀን ሰይፉን ብቻ ነው ያየሁት። የሰውዬውን ክንድ እንዲቆርጠው ለመንሁ፤ ሁለቱንም፣ ከትከሻው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሲወጣ ግን እንግዳ አልሆነብኝም።

ሌላም አስቤያለሁ። የምሠራው ከመድኃኒት ጋር ነው፤ የትኛው በምን ያህል ሰውን እንደሚጥል አውቃለሁ። አላደረግሁትም። ከጽድቅ የተነሣ ነው ብዬ አልመጻደቅም። የሞተ ሰው አይናገርም፤ እኔ የምፈልገው አፉን ነበር።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የእኛ ክፍል የአእምሮ ጤና ክፍል ነው። ከከተማውም፣ በኢታንግ መንገድ ካሉት የስደተኛ መጠለያዎችም ሰው ይመጣል፤ ብዙዎቹ የታሰሩ፣ የተደበደቡ፣ በቤተሰባቸው ላይ የተደረገውን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። አብሮኝ የሚሠራው ጤና መኮንን ኑዌር ነው፤ ግንባሩ ላይ የወንድነት መስመሮቹ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተሰምረዋል፤ ቀልድ ሳይጨምር ደህና ዋሉም አይልም።

«ሲስተር፣ ዛሬ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ገና አልሞተም» አልሁት። ነገርሁት።

ሻዩን ይዞ አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «ጠጥተሻል?» አለ።

«ምን?»

«ከዚያ ሰውዬ ጋር። ከአንድ ዕቃ።»

«ዓመት ሙሉ። ከአንድ ጽዋ።»

«እንግዲህ የእኔን ብርጭቆ አትነኪም» አለና ሳቀ፤ ግን ብርጭቆውን የምር ራቅ አደረገው።

ነገሩ ለእኔም አዲስ አልነበረም። ሥራ ስጀምር ታካሚዎቹን በቡድን ሰብስበን ስናወያይ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ኩባያ መሃል እናስቀምጥ ነበር። በዚያ ሙቀት ከንፈራቸው እየደረቀ የማይነኩት ነበሩ። እሱ ነው የነገረን፤ በእነሱ ዘንድ በመካከላቸው ደም ያለባቸው ሰዎች አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃም ውሃ አይጠጡም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባያ ገዝተን ችግሩ ተፈታ ብለን ነበር። እኔ እንደ ኩባያ እጥረት ነበር የቆጠርሁት።

«ነገሩ በሰው ፊት እስኪነገር ነው» አለኝ አሁን። «እስኪነገር፣ የደም ካሣው ከብትም እስኪሰጥ። ከዚያ በፊት የጠጣ ይታመማል። ስለዚህ ማን ይፈራል? ያደረገው ይፈራል። እሱ ነው ከሰው ቤት የሚርቀው። እናንተ ሀበሾች ግን ትገርማላችሁ፤ የተደረገበትን ታስራላችሁ፣ ያደረገው ዳቦ ይቆርሳል!»

ንዴቴን በእሱ ተወጣሁት። «እናንተስ? ከብቱ ሲዘገይ በገዳዩ ፈንታ ዘመዱን አይደል የምትገድሉት?»

ሳቁ ጠፋ። «እሱም አለ» አለ። «የእኔ ታላቅ ወንድም የቀረው በዚያ ነው። እሱ ምንም አላደረገም፤ የአጎታችን ልጅ ነው ያደረገው።» ሻዩን ፉት ብሎ፣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? እንዲሞት?»

«እንዲናገር።»

«እንግዲያው አትጠጪ።»

የሚቀጥለው ሚካኤል ተራው የሙሴ ነበር። ሙሴ የምንለው የማኅበራችንን መሪ ነው፤ ጡረታ የወጡ ደገኛ አስተማሪ፣ ጋምቤላ ከብዙዎቻችን በፊት የኖሩ። ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ማራገቢያው ሞቃቱን አየር ያገላብጣል። ሰውዬው በር አጠገብ ቁጭ ብሏል። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ፤ ዙሩ ተጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ተቀበልሁና፣ ከንፈሬን ሳላስነካ ለሚቀጥለው አሳለፍሁት።

«ምነው?» አለች አጠገቤ ያለችው፣ ሁልጊዜ የምታስቀን ሴት። «ሐኪም ነኝ ብለሽ የእኛን ጀርም ፈራሽ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሙሴ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ እንዳይጠጣ የእኛም ማኅበር ሕግ አለው። እስከዚያ ቀን ግን ሕጉ የሠራው በዕቃና በሐሜት ለተጣሉ ሰዎች ነው።

«ልጄ፣ የተቀየምሽው አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ከመካከላችን?»

«እሱ» አልሁ።

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። «እኔ? እህት ዓለም፣ ምን አድርጌሽ?»

«እዚህ ከመምጣትህ በፊት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ ነበርኋ!»

«ወንድሜ መምህር ነው። እጁን ወደ ኋላ አስረህ ከቧንቧ ላይ ሰቅለኸዋል። ስታስረው ታንጎራጉር ነበር፤ እኔ ቤት ዳቦ ስትቆርስ እንዳንጎራጎርከው።»

ሰውዬው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ለካህኑ ዞሮ፣ «አባቴ፣ እህታችን ደክሟታል። ሥራዋ ከእብድ ጋር ነው፤ ሰው ይዋል እንጂ የዋለበትን መምሰሉ አይቀርም» አለ። አንድ ሁለት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ገባኝ፤ ወንድሜን በአገሩ ያሰረው ቃል፣ እዚሁ እኔንም ሊያስረኝ እየመጣ ነው።

ካህኑ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ዛሬ የመልአኩ ቀን ነው። ያለውንም የሌለውንም ይቅር ብለሽ...» አሉኝ።

«ይቅር እላለሁ አባቴ። መጀመሪያ እናቴ ትስማው።» ስልኬን አውጥቼ ወደ ሰውዬው ዘረጋሁት። «አንድ ቃል በላት። ልጅሽን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ሰይጣን አይደለም በላት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ይቅር እላለሁ ያልሁት ውሸቴን ነው። ቢናገርም ይቅር የምለው አልነበርሁም። ይህን የነፍስ አባቴም ያውቁታል።

«አላውቀውም አልሁሽ!»

«ታውቀዋለህ። እሱ በፎቶ አይቶ አውቆህ ተንበርክኮልሃል። በፎቶ!»

ቆመ። ነጠላው ከትከሻው ወረደ። «ምን ታፋጥጪኛለሽ? እኔ ብቻዬን ነበርሁ እንዴ? ስንት ሰው ነበር በዚያ ግቢ! ሁሉም ነገር በእኔ ላይ?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። የሙሴ ባለቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጽዋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰውዬው በሩ ጋ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ፣ የሌላ ሰው ጫማ አግኝቶ፣ አውጥቶ፣ የራሱን ተረከዙን ረግጦ ወጣ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም። እንዲህ ያለ ደስታ በጾም ፍቺም አግኝቶኝ አያውቅም።

ደስታው ግን ከቤቱ ሳልወጣ አለቀ። «እንግዲህ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አልሁ። «ከመካከላችሁ አንዳችሁ ለእናቴ ንገሯት። አባቴ አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቀኝ።» ስልኩን ወደ ካህኑ አዞርሁ። ካህኑ በጽዋ ፊት የተነገረ ከቤት አይወጣም አሉ። ሙሴ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፤ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምስክር ሆኜ ማን ያድነኛል?» አሉ። የምታስቀን ሴት ደግሞ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ» አለችኝ። እያለቀሰች ነው ያለችኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ስታመም ሾርባ ያመጡልኝ እነሱ ናቸው። ተመካክረው ሰውዬውን ከማኅበሩ አስወጡት። ለእነሱ ነገሩ በዚሁ ተፈጸመ፤ ማኅበሩ ንጹሕ ሆነ።

ከዚያው ከመንገድ ላይ ደወልሁ።

«አመነ እማዬ። በራሱ አፍ።»

«ማን ሰማ?» አለች።

«ማኅበሩ ሁሉ። ካህኑ ሳይቀሩ።»

«እስቲ ካህኑን አገናኚኝ።»

ምን ልበላት? ባጃጅ እያንቋረረ አለፈ፤ «እሳቸው እንኳ አይናገሩም» አልኋት።

«እኔ አምንሻለሁ» አለች እናቴ። «እናት ነኝ፣ ያኔም ሳላምን የቀረሁ እንዳይመስልሽ። ለአባትሽ ግን፣ ለአጥማቂውም፣ ያንቺ ቃል የእህት ቃል ነው። እህት ለወንድሟ ምን አትልም?»

ሰውዬው ከተማውን አልለቀቀም። ጋምቤላ ጠባብ ናት፤ በባሮ ዳር መንገድ፣ በገበያ፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከሱቁ ጎን በከፈተው ሻይ ቤት እንገናኛለን። ባልደረባዬ ለወገኖቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ ሻይ ቤቱ ውስጥ የምታስተናግደው የኑዌር ልጅ ለሰውዬው ሻዩን ለብቻው በተቀመጠ ኩባያ ነው የምታመጣለት፤ አጥባም ለብቻው ትሰቅለዋለች። እሱ ለምን እንደሆነ ይወቅ አይወቅ እንጃ። እኔ ስገባ ሳይጨርስ ይነሣል። እኔ ተቀምጬ ረጋ ብዬ እጠጣለሁ፤ ስኳርም እጨምራለሁ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። ጉልበቴ ዛለ፣ ጥላቻዬ አልዛለም። ታካሚዎቼን ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማቸው። አንዲት አሮጊት፣ መመሪያው እንደሚያዘው «ተስፋ መቁረጥ ይሰማዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ በአስተርጓሚ «ያ ያደረገብኝ ሰውዬ ተጠየቀ ወይ?» ብለው መለሱልኝ። ቀድሞ ቢሆን ጥያቄው አልገባቸውም ብዬ እደግመው ነበር። አሁን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ «አልተጠየቀም፣ እናቴ» አልኋቸው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመሩት። ያኔም ነው ወሬያችን የተጀመረው።

ወንድሜ ግን ዛሬም እዚያው ነው። እህቴ ሄዳ አይታው ነበር። እግሩ ላይ ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ቆስሏል አለችኝ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ጨርቅ አስራለት መጣች። አሁን መጮኹንም ትቷል። አጥማቂው ለውጥ አለው ብለዋል።

ሰውዬው «ስንት ሰው ነበር በዚያ ግቢ» ብሏል። እኔም ይህን የምጽፈው ለእናንተ፣ እዚያ ለነበራችሁት ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ወለል ላይ የተኛችሁ፣ ክንዱ አልታዘዝ ሲለው ያጎረሳችሁት፣ ሲፈታ መናኸሪያ ድረስ የደገፋችሁት አላችሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩልን። በር የጠበቃችሁ፣ ቁልፍ የያዛችሁ፣ ሲሰቀል ቆማችሁ ያያችሁም አላችሁ። ለእናንተ ምሕረት አልለምንም፤ ከሚካኤል የምለምነው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ። ቢሆንም እናንተም ኑ። ፍርድ ቤት አልጠራኋችሁም፣ ስማችሁንም አልጠይቅም። መምህሩ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ነግሯችኋል፤ ሰፈሩ ደርሳችሁ የማንን ቤት ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ከአባቴ ፊት ቁሙና «ልጅዎ የሚለው እውነት ነው፣ እኔ እዚያ ነበርሁ» በሏቸው። አንዳችሁ ትበቃላችሁ። የሰንሰለቱ ቁልፍ አባቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ ኑ።